ከጊታር ወደ ቤዝ፦ በዝቅተኛ ድምፅ ስሜትን የመግለጽ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጊታር በመጠኑም ቢሆን መጫወት ለሚችሉና በባንድ፣ በመዘምራን ቡድን ወይም በሠርግ መድረክ ላይ ቤዝ ጊታር እንዲይዙ ለተጠየቁ ሰዎች ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው «ክሮቹ አራት ብቻ ናቸው፣ አይከብድህም» ከሚል ማበረታቻ ጋር ነው። የጣት አያያዝን በተመለከተ ማበረታቻው በከፊል ትክክል ነው፤ የቤዝ አራት ክሮች፣ ማለትም ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ፣ ከጊታር አራት ወፋፍራም ክሮች ጋር አንድ ዓይነት ስም ይዘው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው የተቃኙ ስለሆኑ ጊታር ተጫዋቹ እያንዳንዱ ድምፅ የት እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል። ስሜትን በመግለጽ ረገድ ግን ሁለቱ መሣሪያዎች መንገዳቸው ይለያያል። ጊታር ክሩን በመሳብና በማርገብገብ፣ ኮርዱን በማስዋብ፣ ከሌሎቹ በላይ ጎልቶ በመሰማት ይናገራል። ቤዝ የሚናገረው ከሌሎቹ ድምፆች ሥር የትኛውን ድምፅ እንደሚያስቀምጥ በመምረጥ፣ የሚያሳርፍበትን ቅጽበት በመወሰን፣ ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ ያንን ድምፅ የሚያቆምበትን ጊዜ በመቆጣጠር ነው። ይህ የመጨረሻው ችሎታ በጊታር ልምምድ ውስጥ እምብዛም ትኩረት ስለማይሰጠው በዚህ መመሪያ ውስጥ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል።

ከጊታር ወደ ቤዝ መሻገር የሚያሳፍርም ዝቅ የሚያደርግም ነገር አይደለም። ፖል ማካርትኒ ቤዝ የያዘው ጊታር ሲጫወት ቆይቶ፣ የቢትልስ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ስቱዋርት ሰትክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1961 ከቡድኑ ሲለይ ነው። በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች በጊታር ተጫዋችነት ትሠራ የነበረችው ካሮል ኬይም እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ቤዝ ተጫዋች ከቀረጻ በመቅረቱ እሱን ተክታ ከተጫወተች በኋላ በዘመኗ እጅግ ከሚፈለጉት የስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋቾች አንዷ ሆናለች።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን ከማንሣትዎ በፊት ጆሮዎን ያዘጋጁ

የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የጊታሩ ወፍራም ክር ደግሞ 82 ጊዜ ያህል። የእጅ ስልክ ትንሿ ድምፅ ማጉያ እነዚህን ዝቅተኛ ድምፆች በሚገባ ማውጣት ስለማትችል፣ ዘፈንን በስልክ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው የቤዙን የላይኛ ቅላጼ እንጂ ሙሉ አካሉን አይደለም። ስለዚህ ለዚህ ልምምድ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ወይም በቂ ስፋት ያለው ስፒከር ይጠቀሙ። የራስዎን ልምምድ በስልክ ቀርጸው ሲያዳምጡም ቢሆን በስልኩ ስፒከር ሰምተው «ቤዙ አይሰማም» ብለው አይደምድሙ።

አንድ የሚወዱትን ዘፈን ይምረጡና ሦስት ጊዜ ያዳምጡ። በመጀመሪያው ጊታሩን ብቻ፣ በሁለተኛው ቤዙን ብቻ ይከተሉ፤ በሦስተኛው ቤዙ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች ብቻ በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ። ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ጥሩ መነሻ የሚሆኑት የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ሥራዎች ናቸው፤ በእነዚህ ባንዶች ውስጥ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝና የሰላም ሥዩም ጊታር ጎን ለጎን ስለሚሰሙ ሁለቱ መሣሪያዎች ለአንድ ዘፈን ምን ምን እንደሚያዋጡ ለመለየት ይመቻሉ። ሁለተኛው የማዳመጫ ምንጭ በገና ነው። በገና የባንድ መሣሪያ አይደለም፤ ነገር ግን ዝቅተኛ ድምፅ ያለ ምንም ረዳት ልብን መያዝ እንደሚችል ከእሱ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። በአውታሮቹና በበርኩማው (በአውታሮቹ መደገፊያ) መካከል የሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ድምፁን እንዲነዝር ያደርጉታል፤ ይህ ንዝረት በወፍራሙ ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ቅላጼዎችን ስለሚጨምርበት ጆሮ ዝቅተኛውን ድምፅ በግልጽ ይይዘዋል። ቤዝ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ የክሩ የላይኛ ቅላጼ ፈጽሞ ከጠፋ ዝቅተኛው ድምፅ ይሰማል እንጂ አይለይም።

ደረጃ 2፦ ድምፅን ማቆም ይማሩ

ጊታር ተጫዋች ቤዝ ሲይዝ የሚታይበት ዋና ችግር ድምፅን አስጀምሮ መተዉ ነው። በጊታር ላይ የተመታ ድምፅ ቶሎ እየሳሳ ስለሚሄድ ማብቂያው ብዙ አያስጨንቅም። የቤዝ ክር ግን ወፍራምና ረጅም ነው፤ በተለመደው መለኪያ በሁለቱ የክር መደገፊያዎች መካከል ያለው ርዝመት 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የጊታር 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካልቆመ ለብዙ ጊዜ ይዘልቃል፣ በሚቀጥለው ድምፅ ላይም ይደረባል። ዝምታን እጅ ካልሠራው በስተቀር በራሱ አይመጣም።

ልምምዱ የሚከተለው ነው። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ ያድርጉ። በኤ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለውን ሲ ይምቱና አራት ሙሉ ምት አቆይተው አምስተኛው ምት ሲገባ እንደገና ይምቱ። ይህን ለሁለት ደቂቃ ያህል ከሠሩ በኋላ ድምፁን ለሦስት ምት ብቻ አቆይተው አራተኛውን ባዶ ይተዉ፤ ቀጥሎ ሁለት አቆይተው ሁለት ይተዉ፤ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻም ግማሽ ምት። ድምፁን የሚያቆሙት የግራ እጅ ጣትዎን ከፍሬቱ ላይ በማላላት ነው፤ ጣቱ ከክሩ ላይ ጨርሶ መነሣት የለበትም፣ ከተነሣ ክሩ ባዶውን ይጮኻል። ባዶ ክር ሲጫወቱ ግን የግራ እጅ ጣት ስለማይኖርበት የቀኝ እጅ ጣት ተመልሶ ክሩን መንካት ይኖርበታል። ወደ ቀጫጭን ክሮች ሲወጡ ደግሞ የቀኝ እጅ አውራ ጣትዎን በወፍራሙ ክር ላይ ያሳርፉት፤ ሳይመታ በራሱ የሚነዝረው ክር ብዙ የጀማሪ ቤዝ ጨዋታን የሚያበላሽ ነገር ነው።

እነዚህን አምስት ርዝመቶች ቀርጸው ሲያዳምጡ፣ ድምፁ አንድ፣ ፍጥነቱም አንድ ሆኖ ሳለ ስሜቱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ይገነዘባሉ። ሙሉው ርዝመት ሰፊና የተረጋጋ ነው፤ የሦስት ምቱ ወደ ፊት የሚጠብቅ ነገር አለው፤ ግማሽ ምቱ እግርን ያነሣል። ጊታር ተጫዋች ይህን ለውጥ ለማምጣት ኮርድ ወይም የድምፅ ቃና ይለውጣል፤ ቤዝ ተጫዋች ጣቱን በማላላት ብቻ ያመጣዋል። ከድራም ተጫዋች ጋር ሲሠሩም ሁለታችሁ በአንድ ቅጽበት ከመምታታችሁ ባሻገር የቤዙ ድምፅ ከኪኩ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ) በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ መስማማት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ኪኩ ወዲያው ስለሚጠፋ ከእሱ በኋላ ለአድማጩ የሚቀረው የእርስዎ ድምፅ ነው።

በአሜሪካው የሙዚቃ ኩባንያ በሞታውን ቀረጻዎች ላይ የሚሰማው ጄምስ ጄመርሰን የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ብቻ ይጠቀም እንደነበር፣ ያረጁ ጠፍጣፋ ጥምጥም ክሮችን እንደማይለውጥና በመሣሪያው ብሪጅ መሸፈኛ ሥር ያለውን ስፖንጅ እንደማያነሣ ይታወቃል። ስፖንጁ ክሩ ለረጅም ጊዜ እንዳይነዝር ስለሚያደርግ እያንዳንዱ ድምፅ አጭርና ክብ ሆኖ ይወጣል። እርስዎም ትንሽ ስፖንጅ ቆርጠው ከብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር በማስገባት መሞከር ይችላሉ፤ ነገር ግን ጣትዎ ማቆምን እስኪለምድ ድረስ ስፖንጁን ባይጠቀሙ እመርጣለሁ።

ደረጃ 3፦ ከሥር የሚቀመጠውን ድምፅ ይምረጡ

ይህ ደረጃ አንድ ጊታር ተጫዋች ጓደኛ ይፈልጋል። ጓደኛ ከሌለ ጊታሩን ራስዎ ቀርጸው ከቅጂው ጋር ይጫወቱ። ጊታሩ ሲ፣ ኢ እና ጂን አንድ ላይ ይዞ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይለውጥ ይደጋግም። እርስዎ በመጀመሪያ ከሥሩ ሲን ይጫወቱ፤ ሙዚቃው ቤቱ እንደደረሰ ሰው ያርፋል። ቀጥሎ በኢ ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ወዳለው ኤ ይውረዱ፤ ጊታሩ አንዲት ጣት ሳያንቀሳቅስ ኮርዱ ኤ ማይነር ሰቨን ይሆናል፣ ስሜቱም ይከፋል። ከዚያ በኤ ክር ሰባተኛ ፍሬት ላይ ያለውን ኢ ይሞክሩ፤ ኮርዱ ያው ሲ ሜጀር ቢሆንም ጸንቶ መቆም ይሳነዋል፣ ወደ አንድ ቦታ መሄድ ይፈልጋል። በመጨረሻ በዚያው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ያለውን ዲ ያስገቡ፤ ያልተፈታ፣ የተንጠለጠለ ስሜት ይሰማል። የጊታሩን ኮርድ ትርጉም የሚወስነው ከሥሩ ያለው ሰው መሆኑን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ይህ የአምስት ደቂቃ ሙከራ በተሻለ ያሳያል።

በኢትዮጵያ ቅኝቶች ውስጥ ጉዳዩ ከኮርድም ያልፋል። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው፣ መነሻው ሲ ከሆነ። እነዚያው አምስት ድምፆች ከኤ ተነሥተው ሲቆጠሩ፣ ማለትም ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ሲሆኑ፣ ባቲ ማይነር ይሆናሉ። እንዲሁም ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት አምባሰል ናቸው፤ ከኤፍ ተነሥተው ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት ሲሆኑ ደግሞ ትዝታ ማይነር ናቸው። ለቅኝቱ ማንነት የዜማው አካሄድና ማረፊያ ትልቅ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ቤዙ ሳያቋርጥ የሚያርፍበት ድምፅ አድማጩ የትኛውን ድምፅ እንደ ቤት እንዲወስድ ይገፋፋዋል። ድምፃዊቷ አምባሰል በሲ እያዜመች ቤዝ ተጫዋቹ በየማረፊያው ኤፍን ቢያስቀምጥ ዜማው ወደ ትዝታ ማይነር ይሳባል፣ የአምባሰሉም ጠባይ ይደበዝዛል። ብዙ የአምባሰል ዘፈኖች በዘመናዊ ባንድ ሲታጀቡ ለዛቸው የሚቀንስበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ኤፍ ማይነር ለጊታርና ለኪቦርድ የሚመች ኮርድ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ያዘነብላል፣ ቤዙም ይከተላል።

ስለዚህ አዲስ ዘፈን ሲሰጥዎት ኮርዶቹን ከመጠየቅዎ በፊት ዜማውን ብቻውን ያዳምጡና ድምፃዊው በስንኙ መጨረሻ የት እንደሚያርፍ ይለዩ። ያንን ድምፅ በቤዝዎ ላይ ሁለት ቦታ ያግኙ፣ አንዱ ዝቅ ያለ፣ ሌላው በኦክታቭ ከፍ ያለ። ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚህ አንድ ድምፅ ብቻ አጅበው ይጨርሱት። አሰልቺ ቢመስልም አይዝለሉት፤ ቅኝቱ ምን ያህል በአንድ ድምፅ ላይ መቆም እንደሚችልና የት ላይ ለውጥ እንደሚለምን የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ለውጥ በሚለምነው ቦታ ላይ ብቻ ሁለተኛ ድምፅ ይጨምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። ከአገርና ከሀይማኖት መዝሙሮች፣ ከካንትሪና ከሌሎችም የውጭ ሙዚቃዎች የመጣው ልማድ ቤዙ በመነሻው ድምፅና በአምስተኛው ድምፅ መካከል እንዲመላለስ ያደርጋል፤ ለሲ ሲ እና ጂ ማለት ነው። ይህ በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ይሠራል፣ ምክንያቱም ጂ በሦስቱም ውስጥ አለ። አንቺሆዬ ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ በውስጡ የለም። ጣትዎ በልማድ ጂን ከነካ ከጂ ፍላት ጋር ይጋጫል፣ የቅኝቱ ልዩ ሕመምም ያለበት በዚያች ጂ ፍላት ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ጎልቶ ይሰማል። በአንቺሆዬ ሲን ከኦክታቩ ወይም ከኤፍ ጋር ያመላልሱ፣ ጂ ፍላትን ለድምፃዊውና ለጊታሩ ይተዉ።

ደረጃ 4፦ በ6/8 ላይ የሚያሳርፉበትን ቦታ ይወስኑ

በችክችካ ውስጥ ከአንድ እስከ ስድስት እየቆጠሩ በ1 እና በ4 ላይ ብቻ ይምቱ። ዘፈኑ በሁለት እግር ይራመዳል፣ አጨብጫቢውም ይመቸዋል። አሁን ፍጥነቱን ሳይለውጡ በ1፣ በ3 እና በ5 ላይ ይምቱ። የከበሮውና የጭብጨባው ሁለት ምት ከእርስዎ ሦስት ምት ጋር ይገጥማል፤ ሙዚቃው ሳይፈጥን የፈጠነ፣ የተወጠረ ይመስላል። ይህን ውጥረት ሁልጊዜ ከተጠቀሙበት ውጥረትነቱ ይጠፋል። ስለዚህ በየስምንተኛው ዙር (ከ1 እስከ 6 ያለው አንድ ቆጠራ) መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ወይም ድምፃዊው ወደ አዝማቹ ከመመለሱ በፊት ያስገቡትና በአዝማቹ የመጀመሪያ ምት ላይ ወደ 1 እና 4 ይመለሱ። ሰዓት አጠባበቅዎን ለመፈተሽ ሜትሮኖሙ በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1 ላይ እንዲመታ አድርገው ይለማመዱ፤ ሲቀልልዎት ያንኑ ምት 4 እንደሆነ አድርገው ይቁጠሩት።

ሬጌ ለሚጫወት ደግሞ ትምህርቱ የተለየ ነው። ቤዙ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ምት ባዶ ይተወዋል፣ አድማጩም በሰውነቱ ይሞላዋል።

ደረጃ 5፦ ማስዋብን በልክ ያድርጉ

ጊታር ተጫዋች ስሜት ሲመጣበት ክሩን ይስባል። በቤዝ ላይ ክሩ ወፍራም በመሆኑ መሳቡ ከባድ ነው፤ ቢሳብም ዋናው ችግር ሌላ ነው። ባንዱ በሙሉ ራሱን የሚያስተካክለው ከሥር ባለው ድምፅ ላይ ስለሆነ እሱ ሲያዘነብል ሁሉም ከቅኝት የወጡ ይመስላል። የኢትዮጵያ ድምፃውያን ዜማውን በጉሮሮ እያጠማዘዙ የሚያስጌጡበት መንገድ ውበቱ የሚሰማው ሥሩ ጸጥ ብሎ ሲቆም ነው። ማሲንቆው ወይም ጊታሩ ድምፃዊውን ተከትሎ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ቤዙ ግን ጸንቶ በመቆሙ ለዚያ ጌጥ መታያ ይሆናል።

በመሳብ ፈንታ ቤዝ የራሱ ጌጦች አሉት። ከአንድ ፍሬት ወደ ሌላው ጣትን ሳያነሡ መንሸራተት ከሁሉም ይቀድማል፤ መድረሻው ድምፅ በምቱ ላይ እንዲያርፍ መንሸራተቱን ከምቱ በፊት ይጀምሩ። ረጅም ድምፅ ላይ ዝግ ያለ መርገብገብ ይቻላል፣ ድምፁ ከተረጋጋ በኋላ ብቻ። የግራ እጅ ጣቶችን ክሩ ላይ አሳርፎ ሳይጫኑ መምታት ቃና የሌለው የ«ጥፍ» ድምፅ ይሰጣል፤ ይህ ከበሮውን ያግዛል። የሚመቱበት ቦታም ጌጥ ነው፦ ወደ አንገቱ ሲጠጉ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ወደ ብሪጁ ሲጠጉ ጠንካራና ጥርት ያለ ይሆናል። ፍሬት በሌለው ቤዝ እንደ ድምፃዊ ሲያዜም የሚሰማው ጃኮ ፓስቶሪየስ ወደ ብሪጁ ተጠግቶ ይመታ ነበር፤ ሲያዜምም ብዙውን ጊዜ ወደ መሣሪያው የላይኛ ድምፆች ይወጣል። ዜማ መጫወት ሲፈልጉ እርስዎም ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት አካባቢ ይጀምሩ፣ ሲጨርሱም ሳይዘገዩ ወደ ታች ይመለሱ። ዝቅ ባለው ክልል ሁለት ተቀራራቢ ድምፆችን አንድ ላይ መምታት ጭቃ ብቻ ያወጣል፤ ሲ እና ኢን አብረው ማሰማት ከፈለጉ ኢውን በኦክታቭ ከፍ አድርገው ይውሰዱት።

ደረጃ 6፦ መውጣትንና መመለስን ያቅዱ

ጊታር ለስምንት ዙር ቢያርፍ አድማጩ ቀለሙ መቀነሱን ያስተውላል፤ ቤዝ ቢያርፍ ግን ሙዚቃው ሥር ያጣል። ይህ የቤዝ ትልቁ ኃይል ነው። ከዘፈኑ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይምረጡ፣ ብዙውን ጊዜ ግጥሙ እጅግ የሚከብድበትን ስንኝ፣ ከዚያም ከድምፃዊውና ከድራሙ ጋር ተነጋግረው ፈጽመው ይውጡ። ሲመለሱ በጌጥ ሳይሆን በዝቅተኛው የመነሻ ድምፅ፣ በሙሉ ርዝመቱ ይመለሱ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ይህን ከሁለት ጊዜ በላይ አይጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ ከጊታሩ ጋር ቦታ ይከፋፈሉ

ከመድረክ በፊት የሚደረግ ሥራ ነው። ጊታሩ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፁን በአምፕሊፋየሩ ወይም በሚክሰሩ ላይ ይቀንስ፤ ብቻውን ሲሰማ የሳሳ ቢመስለውም ከባንዱ ጋር ልዩነቱ አይታወቅበትም። እርስዎ በአዳራሹ ውስጥ ቤዙ ጎልቶ ግን ሳይለይ ከተሰማዎት ዝቅተኛውን ከመጨመር ይልቅ ከ700 እስከ 1,000 ሄርዝ ያለውን በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ። ቤዝን በጊታር አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ ጮክ አድርጎ መጫወት ስፒከሩን ሊቀድደው ስለሚችል፣ የቤዝ አምፕሊፋየር ከሌለ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይሰክቱ።

ከጊታር ተጫዋቹ ጋር ዘፈኑን አንድ ጊዜ ያለ ድራምና ያለ ድምፃዊ፣ ሁለታችሁ ብቻ ተጫወቱት። ጊታሩ ከወፍራሞቹ ሁለት ክሮች ላይ እጁን ያንሣና በቀጫጭኖቹ ብቻ ይጫወት፤ እርስዎም እሱ ዜማ በሚያስገባበት ቦታ ሁሉ ረጅምና የማይንቀሳቀስ ድምፅ ይያዙ፣ እሱ ሲያርፍ ብቻ መሸጋገሪያ ያስገቡ። ሁለታችሁም በአንድ ቦታ የምትሞሉባቸውን ስፍራዎች ቀርጻችሁ ካገኛችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ማን እንደሚተው ተስማሙና በኮርዱ ወረቀት ላይ ጻፉት።